የስሪላንካ ጥንታዊ ከተሞች በ4 ቀን፦ ፀሐይን ቀድሞ፣ በባዶ እግር

አኑራዳፑራ፣ ሚሂንታሌ፣ ዳምቡላ፣ ሲጊሪያና ፖሎናሩዋ በካርታ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢበዛ 2 ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ርቀቱን አይቶ «ሁሉንም በ2 ቀን እጨርሰዋለሁ» ይላል። ቀኑን የሚበላው ግን መንገዱ አይደለም፤ ፀሐይና እግር ናቸው። በየመቅደሱ ጫማ ይወልቃል፣ ድንጋዩ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ቦታዎቹም ሰፊ ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሰዓትን መሠረት አድርጎ ነው፤ ጠዋት ሜዳውና ዓለቱ፣ ቀትር ላይ ጥላው፣ አመሻሽ ላይ ጸሎት ያለበት ቦታ።

(ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት። ዓመተ ምሕረቱ ግን የፈረንጆቹ ነው። ስሪላንካ ከኢትዮጵያ በ2 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ትኬት ቢሮና ጣቢያ ላይ የሚነግሩዎት የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 6 ሰዓት እየቀነሱ ወይም እየጨመሩ ይያዙት።)

ከመነሳትዎ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ነው። የሚጠየቀው በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ነው። ስሙን አስመስለው የተከፈቱና እጥፍ የሚያስከፍሉ ገጾች ስላሉ፣ አድራሻው በስሪላንካ መንግሥት የድረ ገጽ መለያ ማለቁን አይተው ይሙሉ። የአውሮፕላን ትኬት የሚገዛው ፈቃዱ ከመጣ በኋላ ነው። የፓስፖርት ቁጥር ሲሞሉ ዜሮንና «ኦ»ን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው።

ሁለተኛው፣ ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው ሊረሳው የማይገባው፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ስሪላንካ በሽታው ካለባቸው አገሮች ከሚመጣ መንገደኛ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚያ አንዷ ናት። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የተወጋ ሰው ካርድ ይዞም ሊቸገር ይችላል። በስሪላንካ ወባ የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ነጻ መሆኗን አረጋግጧል። ደንጊ ግን አለ። ተሸካሚዋ ትንኝ ቀን የምትናደፍ ናትና የትንኝ ቅባቱን ጠዋትም ይቀቡ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጥንታዊ ከተሞቹ ያሉት አገሬው «ደረቁ ቀበሌ» በሚለው ክፍል ነው። ዋናው ዝናብ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይወርዳል። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ሰማዩ ጥሩ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደረቅ፣ ሞቃትና ነፋሻማ ነው።

ቀን ሲመርጡ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበትን ቀን ይመልከቱ። እኛ ዘንድ በየወሩ የሚካኤልና የማርያም ቀን እንዳለ ሁሉ፣ እዚያም በየወሩ ሙሉ ጨረቃዋ በዓል ናት፤ «ፖያ» ይሏታል። ሥራ ይዘጋል፣ አልኮል አይሸጥም፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ወደ አኑራዳፑራ ይጎርፋል። ማየት ለፈለገ ከዚህ የሚበልጥ ቀን የለም። በሰላም መዞር ለፈለገ ግን መኝታም መጓጓዣም ይጠበዋል፤ በተለይ በሰኔ አካባቢ በምትውለው «ፖሶን» ላይ።

ገንዘብ፦ ብር የሚመነዝር የለም፤ ዶላር ይያዙ። የሲጊሪያ፣ የፖሎናሩዋና የአኑራዳፑራ ትኬት ለውጭ ዜጋ ለእያንዳንዱ ከ30 እስከ 35 ዶላር ገደማ ነው፤ ዋጋው በየጊዜው ስለሚቀየር ለ3ቱ 110 ዶላር ይመድቡ። አንድ ትኬት ለሁሉም አይሆንም፣ የአንድ ቀን ትኬትም ነገ አይሠራም። ከዚህ ሌላ የጫማ ጠባቂ፣ አነስተኛ መግቢያና ባጃጅ የሚከፈለው በዝርዝር ሩፒ ነው።

ቦርሳው ውስጥ ምን ይግባ

2 ጥንድ ወፍራም ካልሲ። ጫማ እንጂ ካልሲ አውልቅ የሚል የለም፣ ትኩስ ድንጋይ ላይ የሚያድነውም እሱ ነው። አንዱ ጥንድ በቀን መካከል ስለሚቆሽሽና ስለሚርስ ሁለት። ጫማው ማሰሪያ የሌለው፣ በአንድ እጅ የሚወልቅ ይሁን፤ በቀን 15 ጊዜ ማሰሪያ መፍታት ትዕግሥት ይጨርሳል። ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ፣ ትከሻ የሚሸፍን ነጭ ነጠላ፣ ጥላ ወይም ኮፍያ። ምግብ የሚይዙ ከሆነ ዚፕ ባለው ቦርሳ ውስጥ ብቻ፤ ፌስታል ያዩ ጦጣዎች በእጅ ላይ ያለውን ነጥቀው ይሄዳሉ።

ሥርዓቱ

ጫማ ማውለቅና ነጭ መልበስ ለሐበሻ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ኮፍያና ጥላ መቅደሱ ውስጥ መውረዳቸው ነው። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ቁምጣ የለበሰ ወንድም ይመለሳል። ዳጎባ፣ ማለትም ቅዱስ ቅርስ የሚቀመጥበት እንደ ጉልላት ያለ ትልቅ ሕንፃ፣ የሚዞረው በሰዓት አቅጣጫ፣ ማለትም ዳጎባውን በቀኝ አድርጎ ነው። ከቡድሃ ምስል ጋር ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሳት ትልቅ ነውር ነው፤ ፎቶውን ማንሳት ይቻላል፣ ራስን አብሮ ማስገባት ግን አይሆንም። ሰው ሲቀመጥ እግሩን ወደ ምስሉ አይዘረጋም። መነኩሴን ሴት አትነካውም፤ የምትሰጠው ነገር ካለ አስቀምጣለት ያነሳዋል። የቡድሃ ንቅሳት ወይም ሥዕል ያለበት ልብስ ያለው ይሸፍነው፤ በ2014 አንዲት ቱሪስት ክንዷ ላይ ባለው ንቅሳት ምክንያት ከአገር ተባርራለች።

«አዩቦዋን» ሰላምታ ነው፣ ሁለት መዳፍ ደረት ላይ ተጋጥሞ። «ኢስቱቲ» አመሰግናለሁ። «ኪያዳ» ስንት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከስሪላንካውያን ጋር የሠራችሁ ከዚህ በላይ እንደምታውቁ አንጠራጠርም።

ቀን 1፦ አኑራዳፑራ

ከኮሎምቦ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በባቡርም በአውቶቡስም ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል። በዋዜማው ገብተው እዚያው ይደሩ። ከኮሎምቦ ጠዋት ተነስቶ የሚመጣ ሰው የሚደርሰው ድንጋዩ ሲግል ነውና።

ከተማዋ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ 11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ መናገሻ ነበረች። ፍርስራሹ በ40 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የተበተነ ስለሆነ በእግር አይሞከርም። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ብስክሌት ይከራዩ፣ ካልሆነም ባጃጅ ለግማሽ ቀን ይያዙ። ዋጋውን የሚዋዋሉት በቦታ ብዛት ሳይሆን በሰዓት ነው፤ የቦታ ውል ከሆነ ባለ ባጃጁ ያጣድፍዎታል።

በ1 ሰዓት ከአብሃያጊሪ ይጀምሩ። ዳር ላይ ስለሆነ ቀትር ላይ ለመሄድ አይመችም። ገዳሙ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተ ሲሆን፣ ቻይናዊው መነኩሴ ፋሺያን በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፍ ፍለጋ መጥቶ በደሴቲቱ 2 ዓመት ቆይቷል። እዚያው አካባቢ «የማሃሴና ቤተ መንግሥት» በሚባለው ፍርስራሽ ደጃፍ ላይ ግማሽ ክብ የሆነ የድንጋይ ወለል አለ፤ «ሳንዳካዳ ፓሃና»፣ የጨረቃ ድንጋይ ማለት ነው። በአጥር የታጠረ ስለሆነ ሰው አንድ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እዚህ 10 ደቂቃ ይቁሙ። ከውጭ ወደ ውስጥ ይነበባል፦ ጫፉ ላይ የእሳት ነበልባል፣ ቀጥሎ እየተከታተሉ የሚሄዱ ዝሆን፣ ፈረስ፣ አንበሳና በሬ፣ ከዚያ የሐረግ ጥምዝምዝ፣ ከዚያ አበባ በአፋቸው የያዙ ዝይዎች፣ መሃሉ ላይ የሎተስ አበባ። ብዙዎች ከምኞት እሳት ተነስቶ ወደ ዕረፍት የሚደረግ ጉዞ ነው ብለው ይተረጉሙታል። በሬው ያለበትን ቦታ ልብ ይበሉ፤ በ4ኛው ቀን ፖሎናሩዋ ላይ ይፈለጋል።

ከዚያ «ኩታም ፖኩና» የሚባሉት መንታ ኩሬዎችና የሳማዲ ቡድሃ ሐውልት ቅርብ ናቸው። ኩሬው ዳር ላይ ውሃው መጀመሪያ ገብቶ ጭቃውን የሚያሰፍርባትን ትንሽ ጉድጓድ ይፈልጉ፤ ማጣሪያዋ ናት።

በ3 ሰዓት ወደ ጄታቫናራማያ ዳጎባ። በንጉሥ ማሃሴና (273–301) የተጀመረ ሲሆን አክሱም በንጉሥ እንዱቢስ የመጀመሪያ ሳንቲሞቿን ባወጣችበት ዘመን አካባቢ ማለት ነው። ሲሠራ 122 ሜትር ከፍታ ነበረው፣ በዓለም ላይ ከሁለቱ የጊዛ ፒራሚዶች በስተቀር የሚበልጠው አልነበረም። አሁን 71 ሜትር ነው። ወደ 93 ሚሊዮን ጡብ እንደ ፈጀ ይገመታል። ዙሪያውን መሄድ በካልሲም ቢሆን ከ4 ሰዓት በፊት ይለቅ።

የአዱሊስንም ነገር እዚህ ማንሳት ይገባል። በ6ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የእስክንድርያው ተጓዥ ኮስማስ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር በመርከብ ወደ ታፕሮባኔ፣ ማለትም ወደዚህችው ደሴት፣ ስለ ሄደ ነጋዴ ይተርካል። ንጉሡ ፊት ቀርቦ የሮምን ወርቅና የፋርስን ብር አወዳድሮ አሳየ ይላል።

ከ5 እስከ 9 ሰዓት ሙዚየም፣ ምሳና እንቅልፍ። ለቱሪስት ይህ ሰነፍነት ይመስላል፤ ቀትር ላይ በባዶ እግሩ የዞረ ግን በማግስቱ ሲያነክስ ይታያል።

በ10 ሰዓት ወደ ስሪ ማሃ ቦዲ ይሂዱ። ዛፉ ቡድሃ ከተቀመጠበት ከሕንድ ዛፍ ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ በንጉሥ አሾካ ልጅ በሳንጋሚታ እጅ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት መጥቶ የተተከለ ነው። ሰው ከተከላቸውና የተተከሉበት ዘመን ከታወቀ ዛፎች በዕድሜ የሚቀድመው የለም። ወገኑ ከዋርካና ከሾላ ነው፤ ትልቅ ግንድ የጠበቀ ሰው ግን ያዝናል። ዋናው ዛፍ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ በወርቃማ ምሰሶዎች የተደገፈ ቀጭን ቅርንጫፍ ነው። በዙሪያው ያሉት ትልልቆቹ አጃቢዎች ናቸው። ቅጠል መቁረጥ አይቻልም፤ የወደቀ ቅጠል ያገኘ አገሬው እንደ በረከት ያነሳዋል።

ከዚያ ተነስተው በእግር ወደ ሩዋንዌሊሳያ ይሻገራሉ፤ በመንገድዎ ላይ 1600 የድንጋይ ምሰሶዎች፣ 40 በ40 ተደርድረው ያያሉ፤ የጥንቱ ባለ ብዙ ፎቅ የመነኮሳት ቤት እግሮች ናቸው። ነጩ ዳጎባ የንጉሥ ዱቱጋሙኑ ሥራ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ2ኛው መቶ ዓመት። 12 ሰዓት ላይ መብራቱ ሲበራና ምእመናኑ ረጅሙን ብርቱካናማ ጨርቅ በራሳቸው ተሸክመው ሲዞሩ ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል። ፎቶ ማንሳቱን እዚህ ቢተዉት ይሻላል።

ቀን 2፦ ሚሂንታሌና ዳምቡላ

ሚሂንታሌ ከአኑራዳፑራ በስተምሥራቅ 13 ኪሎ ሜትር ነው። የአሾካ ልጅ ማሂንዳ ንጉሥ ዴቫናምፒያ ቲሳን ያገኘበትና ቡድሂዝም ወደ ደሴቲቱ የገባበት ተራራ ነው። 1840 ደረጃዎች አሉት። ጉልበትዎ የሚያምዎት ከሆነ በመኪና እስከ ላይኛው መቆሚያ መውጣት ይቻላል፤ የሚቀረው ግማሽ እንኳ አይሆንም። በ12 ሰዓት ተኩል ይጀምሩ። ላይ ሲደርሱ ጫማ ይወልቃል፤ «አራዳና ጋላ» የሚባለው ዓለት በባዶ እግር፣ የብረት መደገፊያ ተይዞ ነው የሚወጣው። ነፋስ ይበረታበታል፤ ኮፍያ አይተርፍም። እርጥብ ከሆነ አይውጡት።

ከዚያ ወደ ዳምቡላ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋሻዎቹ 5 ሲሆኑ ከ150 በላይ የቡድሃ ሐውልቶች አሉባቸው። ዋሻ ስለሆነ ጥላ አለው፤ ስለዚህ ለከሰዓት በኋላ ተስማሚ ነው። ወጥመዱ ትኬቱ ላይ ነው፦ የሚቆረጠው ከታች ነው፣ ላይ አይሸጥም። ደረጃውን ወጥቶ ከበሩ የተመለሰ ሰው ሁለት ጊዜ ይወጣል። ከመውጣትዎ በፊት ትኬት ቢሮው የት እንደሆነ ጠይቀው ይቁረጡ። ሁለተኛው ዋሻ ትልቁ ነው፤ ጣሪያው ላይ ያለው ሥዕል የዓለቱን ጉብታና ስርጉድ ተከትሎ እንደ ተወጠረ ድንኳን ይታያል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 3 ደቂቃ ይስጡት። ማደሪያ ሲጊሪያ ይሁን፣ 20 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። አውቶቡሱ ሲመሽ ስለሚቀር ዳምቡላን በ11 ሰዓት ይልቀቁ።

ቀን 3፦ ሲጊሪያ

ካሻፓ (477–495) አባቱን አስገድሎ ነገሠ፤ ወንድሙን ፈርቶ ቤተ መንግሥቱን ከሜዳው 180 ሜትር ከፍ ባለ ዓለት አናት ላይ ሠራ። መውጫው 1200 ያህል ደረጃ ነው፤ ለመውጣት 1 ሰዓት ተኩል፣ ለመውረድ 45 ደቂቃ ይያዙ።

በሩ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ መሆን እዚህ የግድ ነው፤ ምክንያቱ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። በዓለቱ ገጽ ላይ ያሉት ጥንታዊ የሴቶች ሥዕሎች ጋ የሚያደርሰው ጥምዝምዝ የብረት ደረጃ ጠባብ ነው። 3 ሰዓት ላይ የቡድን ጎብኚ ሲመጣ ሰልፉ ይቆማል፤ ፀሐይ ላይ፣ ብረት ይዞ መቆም ነው። ስለዚህ ጠዋት የውሃ መናፈሻዎቹን ሳያዩ ቀጥታ ወደ ላይ ይውጡ፤ መናፈሻው ሲወርዱ ይደርሳል።

ሥዕሎቹን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ጠባቂው ስልክዎን አይቶ ያስጠፋዎታል። ቀጥሎ ያለው «የመስታወት ግድግዳ» ላይ ከ1000 ዓመት በፊት የመጡ ጎብኚዎች ስለ ሥዕሎቹ ሴቶች ግጥም ጭረው ጽፈዋል። የእነሱ ቅርስ ሆነ፤ ዛሬ የሚጭር ግን ይታሰራል።

ከዚያ ሁለቱ ግዙፍ የአንበሳ መዳፎች ያሉበት አደባባይ ይደርሳሉ። የመጨረሻው ደረጃ ከመዳፎቹ መካከል ይጀምራል፤ ብረት ነው፣ በዓለቱ ጎን ተንጠልጥሏል። ከፍታ የሚያዞረው ሰው ዓይኑን ከፊቱ ካለው ሰው ጫማ ላይ አያንሳ። እዚህ ሌላም ነገር አለ፦ ከዓለቱ ላይ የዱር ንቦች ቀፎ ሠርተዋል። «ዝም በሉ» የሚለው ጽሑፍ ለሥርዓት የተለጠፈ አይደለም። ጩኸት ያስነሳቸዋል። ሽቶ አይቀቡ፣ ከተነሱም እጅ ሳያወናጭፉ ፊትዎን በነጠላ ሸፍነው ወደ ታች ይመለሱ።

መውጫው ከመግቢያው የተለየ ነው። ባለ ባጃጁን መውጫው ጋ እንዲጠብቅዎ ጠዋት ይንገሩት፤ አለበለዚያ በቀትር ፀሐይ ዓለቱን ዞረው ይሄዳሉ። ትኬቱ ለከበደው ፊት ለፊት ያለው ፒዱራንጋላ በጥቂት ሩፒ ይወጣል፤ ሲጊሪያን ራሱን ከነግርማው ማየት የሚቻለውም ከዚያ ነው። አናቱ ላይ ትልልቅ ድንጋይ መቧጠጥ ግን አለበት፤ ለልጅና ለአረጋዊ አይመከርም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፖሎናሩዋ ይሂዱ። መንገዱ ሃባራና ላይ ዝሆን ይሻገርበታል፤ ከ12 ሰዓት በኋላ በብስክሌትም በሞተርም አይሂዱበት።

ቀን 4፦ ፖሎናሩዋ

ከ11ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዓመት የነበረች ዋና ከተማ ናት። ከአኑራዳፑራ ይልቅ የተሰበሰበችና በቅደም ተከተል የቆመች ስለሆነች ጊዜ ለጠበበው ከሁሉም በፊት የምንመርጠው እሷን ነው። ትኬት የሚቆረጠው ከሐይቁ ዳር ካለው ሙዚየም ነው፤ ሰሜናዊው በር ላይ ትኬት የለም። ቆርጠው ሙዚየሙን ለቀትር ያቆዩትና በብስክሌት ቀጥታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጋል ቪሃራ ይሂዱ። ሌላው ሰው ከደቡብ ስለሚጀምር ጠዋት ባዶ ሆኖ ያገኙታል።

ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈሉ 4 ምስሎች አሉ። የተጋደመው 14 ሜትር፣ የቆመው 7 ሜትር ነው። የተጋደመውን እግሮች በቅርብ ይዩ፦ ላይኛው እግር ከታችኛው ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል። ጣቶቹ እኩል ቢሆኑ ተኝቷል ማለት ነበር፤ መሸሹ ያረፈ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ ትራሱን ይዩ። ራሱ ያረፈበት ቦታ ድንጋዩ ጎድጎድ ብሏል፣ ልክ ጥጥ እንደ ሆነ።

ወደ ደቡብ ሲመለሱ ላንካቲላካን ያያሉ፤ ግድግዳው 17 ሜትር ነው፣ ውስጡ ራሱ የተቆረጠ ቡድሃ ቆሟል። ከዚያ ከፍ ያለው አራት ማዕዘን ግቢ፣ «ቫታዳጌ» የሚባለው ክብ መቅደስ ያለበት። እዚያ ያለውን የጨረቃ ድንጋይ ከአኑራዳፑራው ጋር ያወዳድሩት፤ በሬው የለም። ከደቡብ ሕንድ በመጡት በቾላዎች ዘመን የበረታው የሂንዱ እምነት በሬን ቅዱስ ስለሚል እግር የሚረግጠው ደረጃ ላይ አልቀረጹትም ተብሎ ይታመናል። አጠገቡ 8 ሜትር የሚያልፍ «የድንጋይ መጽሐፍ» አለ፤ 25 ቶን ይመዝናል፣ ከሚሂንታሌ ተጎትቶ እንደ መጣ ራሱ ላይ ተጽፏል።

የሐይቁን ግድብ ለአመሻሽ ያስቀሩት። ያስፋፋው ንጉሥ ፓራክራማባሁ (1153–1186) ሰውን ሳይጠቅም አንዲት የዝናብ ጠብታ ወደ ባሕር እንዳትፈስ አዝዟል ይባላል። የሩዝ ማሳዎቹ ዛሬም ከዚያው ውሃ ይጠጣሉ።

ስለ ምግብ

ሩዝና ወጥ በየቦታው አለ፤ ቃሪያው በርበሬ ለለመደ ሰው አያስደነግጥም። «አፓ» የሚሉት ከቦካ የሩዝ ሊጥ የሚጋገር ስስ ቂጣ እንጀራ ለናፈቀው ቅርብ ነው። ጾመኛ ግን ይጠንቀቅ። አትክልቱ በኮኮናት ወተት ስለሚሠራ ጾም ይመስላል፤ «ፖል ሳምቦል» የሚባለው የኮኮናት ማባያና ብዙው አትክልት ውስጥ ግን የደረቀ ዓሣ ተወቅጦ ይገባል። ስሙ «ኡምባላካዳ» ነው፤ ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ከማዘዝዎ በፊት ይህን ቃል ጠርተው «አይግባ» ይበሉ። «ቬጀቴሪያን» ማለት ብቻ ሁልጊዜ አያድንም፤ ዱቄቱን እንደ ቅመም የሚቆጥር ወጥ ሠሪ አለ።